መጀመሪያ የሌለው ሰፈር

በቁልቋል ሜዳ ጠዋት የሚጀምረው በምሰሶው ነው። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሌሊቱን የተረጋገጠውን ያነባል። የሴት ድምፅ ነው። አትቸኩልም፣ አትስቅም።

«በዚህ ሳምንት ያረፈደ አውቶቡስ አለመኖሩ ተረጋግጧል።»

እውነት ነው። በዚህ ሳምንት አውቶቡስ አልመጣም። ያልመጣ አውቶቡስ አያረፍድም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይስቅ ነበር። አሁን ሰምቶ የጫማውን ክር ያጠብቅና በእግሩ ይሄዳል።

ዳኛ የሚባል ሰው የነበረበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ይግባኝ የሚባል ነገርም ነበር። ዳኛ ይሳሳታል፣ ይታመማል፣ ዘመድ አለው። አሁን በዳኛ ፋንታ ያለው አረጋጋጩ የሚባል ማሽን ነው፤ እሱ ዘመድ የለውም። ከተማው አንድ ነገር ሲያስብ ለአረጋጋጩ ይሰጠዋል፤ አረጋጋጩ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንዱን ካንዱ እያስከተለ ይሠራውና «ተረጋግጧል» ብሎ ይመልሳል። ሰውንም፣ ቤቱንም፣ ዛፉንም፣ ውሻውንም በስብስብ በስብስብ ነው የሚይዘው። ስብስብ ማለት ያው ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ክብ ይሣላል፣ ውስጡ ሦስት ብርቱካን ይቀመጣል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ከብርቱካኑ አላለፍኩም። አረጋጋጩ አልፏል።

ስሕተት አለበት የሚል ሰው የተሠራውን መመርመር ይችላል። መብት ነው። አንድ መምህር ነበር፤ በግቢው የነበረች አንዲት ጽድ ትቆረጥ የተባለበትን ሊመረምር ገባ። ጢሙ ሸብቶ ወጣ። «ትክክል ነው» አለ። ጽዷ ያኔ ተቆርጣ፣ ከጉቶዋ አጠገብ ሌላ በቅሎ ነበር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ምሰሶው እንዲህ አለ፦

«የቁልቋል ሜዳ ነዋሪ በሙሉ ከሰፈሩ ለመነሳት መስማማቱ ተረጋግጧል። ጠራጊው ሰኞ ይገባል።»

ጠራጊው ቤት የሚያፈርሰው ነው። በሰንሰለት ይሄዳል፣ ሰው አይነዳውም፣ ቁመቱ ፎቅ ያህላል። ያን ጊዜ መጥቶ ታች ድልድዩ ጋ ቆሞ ነበር። ሰው እንዳላየው ሆኖ ያልፈው ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ናሆም በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀንደኛው ናቸው፤ እድራችንንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ኢዩኤል፣ ተስማምተሃል?» አሉኝ።

«አልተስማማሁም።»

«እኔም አልተስማማሁም። ሃሴትን ጠይቃት።»

እማማ ሃሴት ባጥራቸው ላይ ብቅ ብለው ይሰሙን ነበር። «ማን ጠየቀኝና እስማማለሁ!» አሉ።

«እንግዲያ ማነው የተስማማው?»

እርስ በርስ ተያየን። የጠፋ ዶሮ የሚፈልግ ሰው ጎረቤቱን እንደሚያየው ነው ያየነው።

ብዙ ስለማልናገር እኔን ወደ ወረዳው ላኩኝ። ወረዳው ውስጥ አስረጂ የሚባሉ አሉ፤ ሥራቸው አረጋጋጩ ያለውን በሰው ቋንቋ መንገር ነው። የደረሰችኝ አልጣሽ የምትባል ናት። የዛሬ ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የሚይዙት። ናሆምና ሃሴት የሽማግሌ ስም ሆነው ቀርተዋል።

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር ጆሮውን ይዤ እናንተ ጋ መጥቼ ነበር አይደል?» አለችኝ።

መጥታ ነበር። ጆሮው እጅ የሚሞላ ጥቁር ነገር ነው፤ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ለአረጋጋጩ ያደርሳል። እድር ቤታችን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አኑራው እያንዳንዳችንን ጠየቀ። «ከሰፈሩ ነዋሪዎች ከእርስዎ የሚቀድም አለ?» ነበር ያለው።

ጋሽ ናሆም «እንዴታ፣ እማማ ሃሴት አሉ» አሉ። እማማ ሃሴት «ሐጂ አንዋር እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ» አሉ። ሐጂ አንዋር ደግሞ «ጋሽ ናሆምን ማን ይቀድማቸዋል» አሉ። እኔ ሦስቱንም ጠራሁ። ከእኔ የሚያንሰው እኔን ጠራ። አንድም ሰው «የለም» አላለም። ደስ የሚል ቀን ነበር። ተመራርቀን ወጣን።

«አረጋጋጩ ሰው አይቆጥርም» አለች አልጣሽ። «ቆጠራ ድሮ ቀረ። በተርታ ነው የሚይዘው። ከመጀመሪያው ይነሳል፣ የሚቀጥለውን ይይዛል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። በተርታ የሚያዝ ስብስብ አንድ አባል እንኳ ካለው መጀመሪያ አለው። እዚህ ላይ ጥያቄ የለም።»

«የለም።»

«የእናንተ ስብስብ መጀመሪያ የለውም። ሁላችሁም የሚቀድመኝ አለ ብላችኋል።»

«ብለናል።»

«መጀመሪያ ከሌለው አባል የለውም። ባዶ ነው።»

«እኔ ፊትሽ ቆሜያለሁ።»

«አይቻለሁ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።

«መስማማቱስ?»

«እሱ ከዚህ ይከተላል። በሰፈሩ ያልተስማማ ነዋሪ አለ ወይ ተብሎ ተፈለገ። አልተገኘም።»

«እኔ አልተስማማሁም።»

«እርስዎ ነዋሪ አይደሉማ። ነዋሪ የለም።»

«ምትክ ቤትስ?»

«ለማን?» አለች።

«አንቺ ታምኚበታለሽ?» አልኳት።

«እኔ አስረጂ ነኝ ጋሼ። ማመን ሌላ ክፍል ነው።»

ሻይ አስመጣችልኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ሻዩን ስጠጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«አንድ ሰው ይበቃል። አንድ ሰው ጆሮው ፊት ‹የሚቀድመኝ የለም፣ መጀመሪያው እኔ ነኝ› ይበል። ስብስቡ ባዶ አይባልም። ያ ሰው መነሳት አልፈልግም ካለ ጠራጊው ይቆማል። ዓርብ ጆሮውን ይዤላችሁ እመጣለሁ።»

«አንድ ቃል?»

«አንድ ቃል። ሌላ ሰፈር እኮ ይሄን ለማለት ሲጋፉ በር ሰብረዋል።»

ዓርብ እድር ቤቱ ሞላ። ለቅሶ ሳይኖር እንዲያ ሞልቶ አያውቅም። አልጣሽ ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ነገሩን ነገርኳቸው። ሁሉም ገባው።

«በሉ እንግዲህ ጋሽ ናሆም» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ? ሐጂ ተቀምጠው? ምን ነክቷችኋል?»

«እኔ መጤ ነኝ» አሉ ሐጂ አንዋር።

«ስድሳ ዓመት የኖረ መጤ የት አገር ነው ያለው?»

«ስድሳም ቢሆን መጤ መጤ ነው። እማማ ሃሴት እዚሁ ነው የተወለዱት።»

እማማ ሃሴት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሊሉት መሰለን።

«እኔ ይሄን ብል» አሉ፣ «ነገ ስሞት ምን ተብሎ ሊለቀስልኝ ነው? ‹እኔ ነኝ መጀመሪያ ያለችው› ተብሎ? አላደርገውም። ቤቴ ይፍረስ።»

«ለይስሙላ ነው እኮ እማማ» አለች አልጣሽ።

«ልጄ፣ ሰው የማይረሳው ለይስሙላ የተባለውን ነው።»

ብዙ ሰው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ደገፋቸው።

ዕጣ ይውጣ ተባለ። ይህ ብልህ ሐሳብ ነበር። ዕጣው ለሐጂ አንዋር ወጣ። ሐጂ የዕጣዋን ብጣሽ ወረቀት ተቀብለው ሳሟት፣ ለጋሽ ናሆም ሰጧቸው። ጋሽ ናሆም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ለእማማ ሃሴት አሳለፉ። ብጣሿ ከእጅ ወደ እጅ ቤቱን ዞረች። ወደ እኔም መጣች። እኔም አሳለፍኳት። መጨረሻ ላይ ማን ኪስ እንደገባች አይታወቅም።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተግደረደርን። በመስኮቱ ጠራጊው ይታያል። አልጣሽ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች።

«ያፌት ቢኖር ኖሮ ይሄኔ ብሎት ነበር» አለች አንዲት ሴት፣ ለቀልድ።

ማንም አልሳቀም። ያፌት ማዶ ነው ቤቱ። ከእድሩ አስወጥተነዋል፤ ጆሮው ሲጠይቀን ያልነበረውም ለዚህ ነው። ያስወጣነው በቀብር ከአስከሬኑ ፊት ፊት እየሄደ ስላስቸገረ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መከሩት፣ ሁለት ጊዜ መከሩት። «ቀስ ማለት አልችልም» አለ። ለቅሶ ቤትም ሐዘንተኛው ሳይቀምስ ሳህን ያነሳል። ሠርግ ላይ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ሲነሳ መሐል ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ጋሽ ናሆምና እኔ ተሻግረን አንኳኳን። ያፌት ከፈተ። ጋሽ ናሆም በዕድሜ በብዙ ይበልጡታል፣ እሱ ግን አንተ ነው የሚላቸው።

«ዛሬ ስሜ ትዝ አለህ?» አላቸው።

«ልናስቸግርህ ነበር ልጄ።»

«መጀመሪያ ይቅርታ በለኝ።»

ጋሽ ናሆም ይቅርታ አሉት። የጆሯቸው ጫፍ ቀልቶ ነበር። ከዚያ የምንፈልገውን ነገርነው። ያፌት በሩን ተደግፎ ረጅም ሳቅ ሳቀ።

«ይሄን? ይሄን እኮ ማንም ሳይለምነኝ ስለው ነው የኖርኩት።»

ቀድሞን መንገዱን ተሻገረ፣ ቀድሞን ገባ፣ የጋሽ ናሆም ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የሚቀድመኝ የለም» አለ ለጆሮው። «መጀመሪያው እኔ ነኝ። ድሮም ነኝ።»

«ተይዟል» አለ ጆሮው። «ከሰፈሩ ለመነሳት ይስማማሉ?»

«አልስማማም። የት እሄዳለሁ?»

«ተይዟል። ከአቶ ያፌት የሚቀጥለው ማን ነው?»

አልጣሽ ቀና ብላ አየችን።

«አሁን እኮ ቀላል ነው። ‹ቀጥሎ እኔ› ማለት ብቻ ነው።»

«ከያፌት ቀጥሎ?» አሉ እማማ ሃሴት። «ከሬሳ ፊት ከሚሄድ ሰው ኋላ ልሰለፍ?»

«ቤታችን ተርፎልናል» አሉ ሐጂ አንዋር። «ምን ቀረን? አልሐምዱሊላህ።»

አልጣሽ ጆሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያፌት ከሁላችን በፊት ወጣ።

ሰኞ ምሰሶው አነበበ፦ «የቁልቋል ሜዳ ነዋሪ አንድ መሆኑ ተረጋግጧል። ነዋሪው ያለ አንዳች ልዩነት መነሳትን ይቃወማል።» ታች ድልድዩ ጋ የጠራጊው መብራት ጠፋ። ተቃቀፍን። እንኳን ደስ ያለህ ተባባልን። ለያፌት ያለው ግን የለም።

እስከ ኅዳር አጋማሽ ሰላም ነበር።

ከዚያ «ለነዋሪው በሙሉ ዳቦ መዳረሱ ተረጋግጧል» ተባለ። ወጥተን አየን። የያፌት በር ላይ አንድ ዳቦ በላስቲክ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ መንገዱ ወደ ግራ እንዲሰፋ ወስኗል» ተባለ። ግራ ማለት የእማማ ሃሴት አጥር ነው። አጥሩ ሲነሳ እማማ ሃሴት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አዩ። «ቤቴ አለ» አሉ። ቀጥሎ ነዋሪው በሙሉ ድምፅ እድር ቤቱን የአቶ ያፌት መጋዘን አደረገው። ድንኳኑንና ወንበሩን አውጥተን በየቤታችን ተካፈልን። ስብሰባችንን ወደ ጋሽ ናሆም ግቢ አዛወርን። ያፌት እነዚህን ነገሮች የሚያደርገው በክፋት አይመስለኝም። ጆሮው ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልሳል። ድሮም ሲጠየቅ መልስ አያጣም። ያኔ ሰሚ አልነበረውም እንጂ።

ታኅሣሥ ላይ ምሰሶው «ነዋሪው በሙሉ ስለ መነሳት እያሰበበት መሆኑ ተረጋግጧል» አለ። ታች ድልድዩ ጋ አንድ መብራት በራ።

ሄድኩ። ያፌት በረንዳው ላይ ዳቦውን እየበላ ነበር።

«ምንድነው የምታስበው?» አልኩት።

«ምትክ ሰጡኝ። ሁለት ቤት። አንዱ ሰገነት አለው፣ ሐይቁን ያያል። ነዋሪው በሙሉ በወጉ ይዛወራል ብለውኛል።»

«እኛስ?»

«እናንተ እነማን?» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። ከልቡ ጠፍቶት ነው የጠየቀኝ።

በቀጥታ ወረዳ ሄድኩ። አልጣሽ እንዳየችኝ ሻይ ልታዝ ተነሳች። «ሻዩ ይቆይ፣ ጆሮውን አምጪው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ጆሮው አንዴ የያዘውን አይመልስም።»

«አምጪው።»

ፊቴ አደረገችው።

«ከያፌት የምቀጥለው እኔ ነኝ» አልኩ።

ጥርስ ያለ ማደንዘዣ ነቅለውልኝ ያውቃሉ። ይሄ ይብሳል።

«ተይዟል» አለ። «ከሰፈሩ ለመነሳት ይስማማሉ?»

«አልስማማም።»

«ተይዟል።»

አልጣሽ ተነፈሰች። «በቃ። አሁን ሁለት ናችሁ። አንዱ እምቢ ካለ ‹በሙሉ› አይባልም። እርስዎ እስካሉ ድረስ ጠራጊው አይገባም።»

«እስካለሁ ድረስ?»

«አባል ሲሞት ከስብስቡ ይወጣል።»

ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው አልኳት። ስኳር ያልገባበትን የራሷን ሻይ ስታማስል ቆየች።

በዚያው ቀን ያፌት በሬን አንኳኳ። ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ነው፤ ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ይገባል።

«ፊትህ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ ስሄድ ትከተለኛለህ» አለኝ።

«ኋላህ ነኝ አልኩ እንጂ እከተልሃለሁ አላልኩም።»

አሰበበት። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሰማንያ ሊሞላኝ ነው።»

«እኔ ሰባ አንድ ነኝ» አለ። «እጠብቃለሁ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ ናሆም ግቢ አስጠሩኝ። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ንጹሕ ኮት ለብሼ ሄድኩ። ወንበር አልሰጡኝም።

«ኢዩኤል» አሉ ጋሽ ናሆም፣ «ከእኛ ፊት ቆመሃል።»

«ቤታችሁ እንዳይፈርስ ነው።»

«ቤቱን ተወው። ሁለተኛ ነኝ ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ሐጂ እያሉ? ሃሴት እያለች?»

«እንግዲያ ሦስተኛ በሉ» አልኩ። «አሁኑኑ ሂዱ። ሦስት ስንሆን፣ አራት ስንሆን በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ አንንጠለጠልም።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ሦስተኛ?» አሉ ጋሽ ናሆም። «ከአንተ ኋላ?»

«ጋሽ ናሆም ያላሉትን እኔ አልልም» አሉ ሐጂ አንዋር።

እማማ ሃሴት አጥር የሌለውን ግቢያቸውን በጋሽ ናሆም በር በኩል ያዩ ነበር። ለእኔ የሚናገሩልኝ መሰለኝ። «ድሮ እንዲህ አልነበርክም» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ በለቅሶም በሠርግም ከበር አጠገብ እንድቀመጥ ተፈረደብኝ። እሺ አልኩ።

ሌላውን ነገር የነገረቻቸው አልጣሽ ናት። ልትመክራቸው መጥታ ነው፤ በደግነት ነው። «ጋሽ ኢዩኤል ከሞቱ ነዋሪው እንደገና አንድ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ አኗኗሬ ተለውጧል። ጋሽ ናሆም ሰላም አይሉኝም፤ ግን በየጠዋቱ አጃ ይልኩልኛል። መንገድ ልሻገር ስል ሁለት ጎረምሶች ከግራና ቀኝ ይይዙኛል። ሐጂ አንዋር ፊታቸውን አዙረው ማር ይሰጡኛል፤ ነጭ ማር ነው፣ ለደረት ይላሉ። እማማ ሃሴት ጨው እንዳላበዛ ጓዳዬ ገብተው ጨዉን ወስደዋል። ደረጃ ላይ እጀታ ተሠርቶልኛል። ማታ አልጋዬ ላይ ስወጣ አንድ ሰው መስኮቴ ስር ቆሞ ትንፋሼን ያዳምጣል፤ በተራ ነው፣ ተራውን ግን ማን እንደሚጀምረው እየተግደረደሩ ሁልጊዜ ይዘገያሉ።

እንዴት አደርክ ይሉኛል። በዚህ ከተማ ይሄን ጠይቆ መልሱን ከልቡ የሚጠብቅ ሰው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ብርድ ነበር። ምሰሶው ገና አልጀመረም። አንድ ጊዜ ሳልኩ፣ ትንሽ ሳል ናት። የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ከሁሉም ቀድሞ የተከፈተው የያፌት ነበር።